ስለ ቆላው በሬ ለባንኩ ብድር ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ሀብተ ሚካኤል፣ በደባርቅ የባንኩ የብድር ክፍል ኃላፊ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ ይልቁንም ያ ምንም የማይሳነው አንደበትዎ፣ ደኅና ናቸው ወይ? እኔ በዳባት ገጠር ገብስ አራሹ ያርጋል ድረስ፣ ከብድርዎ በቀር፣ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሌሎችም እንዲማሩበት በገበሬ ማኅበሩ በር ላይ ስለምለጥፈው ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

፩ኛ/ አምና በሚያዝያ ቤቴ ድረስ መጥተው ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። እኔና ጎረቤቴ ቢራራ ያለን ለየራሳችን አንድ አንድ በሬ ብቻ ስለነበር፣ አቀናጅተን አንድ ቀን የእሱን፣ አንድ ቀን የእኔን እያረስን እንኖር ነበር። እርስዎ ግን ይህ ኋላ ቀርነት መሆኑን፣ ራሱን የቻለ ገበሬ ጥማድ በሬ እንደሚያስፈልገው፣ ብድሩም ሳይሰማኝ እንደሚያልቅ አስረዱኝ። አልችልም ብዬ ነበር። ነገር ግን ከማዕዴ ቆርሰው፣ ጠላዬን ጠጥተው ወረቀቱን ሲዘረጉ፣ ቤቴ የገባን እንግዳ ባዶ እጁን መመለስ ከብዶኝ ፈረምሁ። ባለቤቴ ደብሪቱ ዶሮ ሰጥቼ ብሸኝዎ ይሻል እንደነበር እስከ ዛሬ ትነግረኛለች።

፪ኛ/ በሬውን ራስዎ መርጠው ከሊማሊሞ ግርጌ፣ ከቆላ ስላስመጡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መልኩስ ያምራል። ብቻ የደጋው ብርድ ያንቀጠቅጠዋል፤ ቀንበር ሲያይ ይተኛል፤ ሌሊት ጋቢዬን ለብሶ የሚያድረው እሱ ነው። እንደ ምንም የዘራሁትን ገብስም ውርጭ መታው።

ለሦስተኛው ቁጥር መስጠት አልቻልሁም፤ መጀመሪያውና መጨረሻው አልለይ ብሎኛልና። የቆላውን በሬ ሽጬ ልክፈል ብዬ ቢሮዎ ብመጣ፣ ጸሐፊዎ መያዣ ስለሆነ ዕዳው ሳይከፈል እንደማይሸጥ በትሕትና ነገሩኝ። እንግዲያውስ በምን ልክፈል ብላቸው፣ «በሬ አለዎት አይደል እንዴ?» አሉኝ። ቢራራ ደግሞ ከሌላው ጎረቤታችን ከአለነ ጋር ከተቀናጀ ቆይቷል፤ ስለ ተውሁት አልፈርድበትም፤ የድሮው በሬዬ ግን አጣማጅ አጥቶ ቆሟል። የማኅበሩ ሊቀ መንበርም እስከ ሰኔ ያልታረሰ መሬት ለሌላ እንደሚሰጥ አስታውቀዋል። ልጆቼን የማበላው ከዚያው መሬት ብቻ ነው። ጨንቆኛል፣ ጓድ ኃላፊ፤ በየትም በኩል መውጫ የለኝም።

ቤትዎን እንግዳ አይለየው፤ የሚመጣውም ሁሉ የሚያስፈርምዎ ወረቀት ይዞ ይምጣ።

ውለታዎን ከፍሎ የማይጨርሰው፣
ያርጋል ድረስ
ዳባት፣ ግንቦት ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳልለጥፍ የቆላው በሬ ሊሞት ሲያጣጥር ባርኬ አረድሁት። ለቅርጫ ጎረቤቶቼን ብጠራ፣ የባንክ ሥጋ የበላ ዋስ ይሆናል ብለው አንድም ሰው አልመጣም። የእርስዎን ድርሻ ከደብዳቤው ግልባጭ ጋር በደባርቅ መኪና ልኬልዎታለሁ፤ ሳይፈሩ ይብሉ። እኔም ዕዳው ያው የእኔ ስለሆነ ቀመስሁት፤ አልጣመኝም።