ፒካፕሽን ከፍ አደረጓት

የሺዬ፣

ከተለየሽን ሁለት ክረምት አለፈ። ጓሮ የተከልሻት ማንጎ ዘንድሮ አፈራች። ዓባይ ማዶ ያለው ቤታችን እንዳለ ነው፤ ጣሪያው ብቻ በሳሎኑ በኩል ያፈሳል። እኔ ደህና ነኝ። ንዴቴም ደህና ነው፤ አንቺ ስለሌለሽ የሚያበርደው የለም እንጂ።

የምጽፍልሽ ስለ ፒካፕሽ ነው፤ ከቆላ ድባና ከማክሰኝት እህል ስታመላልሺ ስለኖርሽባት ነጯ ፒካፕ። ልጃችን አቤል ከፍ አድርጓታል። ከፍ አደረጋት ስልሽ በክብር እንዳይመስልሽ፤ ከመሬት ነው ያራቃት።

ጎማዎቿ አልቀው ነበርና ይቀየሩ ተባባልን። አቤል ጎማ ሊገዛ ሄዶ አዲስ ሃይማኖት ይዞ ተመለሰ። በስልኩ ሥዕል ያሳየኝ ጀመር፤ ጥቁር ቸርኬ፣ የትራክተር የሚመስል ጥርሳም ጎማ። ትልቅ ጎማ ከላይ ከሚሸፍነው ፓራፋንጎ ጋር ስለሚፋተግ መኪናዋ ከፍ ማለት አለባት፤ ከፍ ስትል ደግሞ ትንሽ ጎማ ስለማያምርባት ጎማው ይበልጥ መተለቅ አለበት። ይህ ነገር ማቆሚያ እንደሌለው ስነግረው ፋሽኑ እንዲህ ነው አለኝ። ቢሮ የሚሠራ፣ ዲግሪ ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚለኝ።

አብሬው ጋራዡ ድረስ ሄድሁ። ባለቤቱ ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ስለ ጭቃ አስተማረኝ። እሱ እንደሚለው ደንቢያ የሚሄድ መኪና ሁሉ እስከ በሩ ድረስ በጥቁር አፈር ይዋጣል። አንቺ በዚያ አፈር ስንት ክረምት ተመላልሰሻል፤ ሲይዝሽ ጫማሽን አውልቀሽ ትወርጂ፣ ከጎማው ሥር ጭድ ታነጥፊና ትወጪ ነበር። አቤል የሚነዳት ከቤት እስከ ቢሮው ነው፣ በዘንባባዎቹ ሥር፣ አስፋልት ለአስፋልት። በዚያ መንገድ ያለው ትልቁ መከራ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ነው።

ባለ ጋራዡን ጠየቅሁት። ጎማው ሲተልቅ የፍጥነት መለኪያው አሳንሶ እንደሚያሳይ ያውቃል? የክብደቷ ማዕከል ወደ ላይ ሲወጣ ኩርባ ላይ ምን ትሆናለች? ፍሬኗስ ይህን ጎማ ያቆማል? ለሦስቱም አንድ መልስ ሰጠኝ፤ ችግር የለውም ጋሼ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፊዚክስ ሳስተምር ከዚህ የተሻለ የመለሰ ተማሪ ጥያለሁ።

መኪናዋ የአቤል ናት፣ አንቺ ነሽ የሰጠሽው፤ ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። ዘጋሁ ስልሽ በእኔ ልክ ነው። ከሥር የሚሸከማት ባሌስትራ ተቀየረ፣ ጎማው ገባ፣ በሩ ሥር የነበረውን የፋብሪካ መርገጫ ደግሞ መልኳን ያበላሻል ብለው ነቀሉት። ደጃችን ላይ ስትቆም በአራት ምሰሶ ላይ የተሠራ ጎተራ መሰለችኝ። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ፎቶ ይነሳባታል።

ከዚያ ሙት ዓመትሽ ደረሰ።

እናትሽ አንቺን ከቀበርን በኋላ መንኩሰዋል፤ አሁን እማሆይ ናቸው። ቆቡ አምሮባቸዋል፣ ጉልበታቸው ግን ከድቷቸዋል። በየወሩ በመታሰቢያሽ ቀን ሐይቁ ዳር ወዳለው ደብር፣ ወደ መቃብርሽ ይሄዳሉ፤ ከቤት የሚያወጣቸው የቀረ ጉዞ እሱ ብቻ ነው። የሚሄዱትም በአንቺው ፒካፕ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። አቤል በሩን ከፈተላቸው። ወለሉ ወገባቸው ዘንድ ደርሷል። ቆመው አዩት። አቤል ቢጨንቀው አቅፎ ሊያወጣቸው እጁን ዘረጋ። ያች ቆብ ለጌጥ የተደረገች መስሎት ይሆን? እማሆይ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉና መቋሚያቸውን በመካከል አቆሙ። መነኩሲትን ወንድ አቅፎ እንደማያነሳት፣ የልጅ ልጅም ቢሆን፣ በቀስታ ነገሩት። እሱ ታዲያ ሮጦ ከጎረቤት ግሮሰሪ መርገጫ የሚሆን አመጣ፤ የቢራ ሳጥን። በእናቱ ሙት ዓመት፣ ለአያቱ፣ ለመነኩሲት።

ሳጥኑን አዩ፣ መኪናዋን አዩ።

«ልጄ፣ መኪናህ አድጋለች» አሉት። «እኔ ደግሞ እያጠርሁ ነው።»

ከዚያ በመቋሚያቸው ባጃጅ አስቆሙና ራሳቸው ገቡ። እኔም ከጎናቸው ተቀመጥሁ። አቤል ሌላ ምን ያደርጋል፤ ያን ግዙፍ ነገር አስነስቶ ተከተለን። ድልድዩ ላይ ዞሬ አየሁት። ባጃጇ ስታዘግም ያዘግማል፣ ስትቆም ይቆማል። ያ ሁሉ ጎማ፣ ያ ሁሉ ብረት፣ ሰው ሳይጭን የባጃጅ አጃቢ ሆነ። ልስቅ ነበር፤ አጠገቤ እማሆይ ዳዊታቸውን ይደግሙ ስለነበር ተውሁት።

ፍትሐትሽ በደንብ ተደረሰ። ወደ ደጀ ሰላሙ ስንገባ እማሆይ አንዱን የድንጋይ ደረጃ ያለ ረዳት ወጡ፤ ቀጥሎ ያለው ከፍ ስለሚል አልደፈሩትም፣ በጎን ዞረው ገቡ። ከኪሴ ሜትር እንደማይጠፋ ታውቂያለሽ። ጎንበስ ብዬ የወጡትን ደረጃ ለካሁት። ዲያቆናቱ ያበድሁ መሰላቸው።

ማታ አቤል ረጅም የጎን መወጣጫ እንግዛ አለኝ። መርገጫ ነቅሎ መሰላል መግዛት፤ ይህን ልጅ አስተምረነዋል የሺዬ። የተናገርሁትን እዚህ አልጽፈውም። እሱ ግን አንገቱን ደፋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺን መሰለኝ። በማግስቱ አብረን ጋራዥ ሄድን። ባለ መነጽሩ ሰውዬ ሌላ ጎማ፣ ሌላ ቸርኬ፣ መጠነኛ ከፍታ እያለ ሥዕሎቹን በስልኩ ሲያሳየው አቤል ስልኩን መለሰለት። የድሮው ባሌስትራና መርገጫው እንዲመለሱ፣ ጎማውም የፋብሪካው ልክ እንዲሆን ነገረው፤ መርገጫው ከመሬት የሚርቀው አያቱ ከወጡት ደረጃ እንዳይበልጥ ብሎ ማታ የነገርሁትን ልክ በቃሉ ጠራለት። ሰውዬው መኪናዋን እያበላሻት እንደሆነ ነገረው። ይህ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ ይመክራል፤ ደንበኛም አለው።

አበባ አላመጣልሽም፣ የኀዘን ግጥምም አልጽፍልሽም፤ አልችልበትም። አንቺን የማስበው እናትሽ በየወሩ ወዳንቺ ሲሄዱ ማንም ሳይነካቸው እንዲሳፈሩ በማድረግ ነው። ጎማ ባለቀ ቁጥር ሜትሬን ይዤ ጎማ ሻጩ ፊት እቆማለሁ፤ የሚስቅ ይሳቅ። እማሆይ እስካሉ ድረስ ያች መኪና በእሳቸው ልክ ትቆማለች። ከእሳቸው በኋላ ደግሞ በእኔ ልክ፤ ቀኝ ጉልበቴን ጀምሮኛል።

ባልሽ