የሞቀችው ኳስ

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 1979
ከራስህ ቤት፣ ኢንዲያና

ለአማቼ ለላይል፤

ሰላምታዬ እስከዚያ ዱሉዝ ድረስ ሳይቀዘቅዝ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ማጉረምረሙን አልተወም፤ እኔም መልስ መስጠቱን ትቼዋለሁ። ልጅህ ማርላ ቁመቷ ጨምሮ ሱሪዋ ሁሉ አጥሯል።

የገና ካርድህ ደርሶናል። መርከባችሁ ወደብ ገብታ ታስራለች፣ አንተም ጠባቂዋ ሆነህ ቀርተሃል አሉ። ላይል፣ ሐይቁ እኮ ድንጋይ ሆኗል። ግግር በረዶ የያዘውን መርከብ ማን ይሰርቀዋል? በኪሱ ከቶት ነው የሚሄደው? እስከ ዲሴምበር ድረስ «ሥራ ነው» ስትል አምኜህ ነበር። አሁን ግን ሥራውም በርዶታል።

ማርላ እንዳልጽፍልህ አስምላኛለች፤ መሐላዬን ማፍረሴን እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሐሙስ ጃንዋሪ 25 የመጨረሻው የሜዳችን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ነው። ዘንድሮ ትምህርት የሚጨርሱት ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ሜዳው መሃል የሚወጡበት ማታ ነው፤ ልማዱን አንተ አታጣውም። አሰልጣኟ ሚስ ፕሩዊት «ካንቺ ጋር ማን ይወጣል?» ብትላት፣ ማርላ ዓይኗን ሳታሽ «አባቴ» ብላ መለሰች። ይህን የነገረችኝ ሚስ ፕሩዊት ናት። ቤት መጥቼ ልጅቷን ያዝኳት።

«ለአባትሽ ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም። አንቺም እንዳትነግሪው።»

«ታዲያ ከሰማይ ነው የሚወርደው?»

«የመጨረሻው ጨዋታ መቼ እንደሆነ ያውቃል፣ አያቴ። መምጣት ከፈለገ ሳይለመን ይምጣ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አንተና ልጅህም ተጨመሩበት።

አሁን ስጽፍልህ ከመስኮቱ ውጪ ናት። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ማታ ማታ ወንዶቹ ናቸው የሚለማመዱት፤ ለሴቶቹ የሚደርሳቸው ንጋት ላይ፣ ወንዶቹ እንቅልፋቸውን ሳይጨርሱ ነው። ስለዚህ ጎተራው ግድግዳ ላይ በሰቀልከው ቀለበት፣ አፍንጫዋ ቲማቲም መስሎ፣ የቅጣት ውርወራ ትለማመዳለች። ኳስ ሲበርዳት እንደምትሞት በዚህ ዕድሜዬ ገና አሁን ማወቄ ነው። ትንሽ ቆይተው ሲያነጥሯት ጧ ብላ መሬት ላይ ትቀራለች። የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ዕለት ማርላ ከሁለት ኳሶች አንዷን እኔ ላይ ጥላ ልትወጣ ስትል፣

«ይቺን ምን ላድርጋት?» አልኳት።

«ምድጃው አጠገብ አሙቂያት። ይቺኛዋ ስትበርድ መጥቼ እለውጣታለሁ።»

«ኳስ ነው ወይስ እንቁላል የምታሳቅፊኝ?»

«እማዬ ጭኗ ላይ አድርጋ ሹራቧን ታለብሳት ነበር» አለችኝ፣ ጓንቷን እያጠለቀች።

ከቀብሩ ወዲህ በዚህ ቤት «እማዬ» ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። የጆይስን ሰማያዊ ሹራብ ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ ኳሷን አለበስኳት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ልጇን የቀበረች አሮጊት ኳስ ታቅፋ ትውላለች። ሳቅ ካማረህ ሳቅብኝ።

በረዶ መዛቁ ያንተ ሥራ ነበር፤ አሁን እሷው ትዝቃለች። ባለፈው ሳምንት እኔም ላግዛት ብዬ ሲሚንቶው ላይ የቀረውን ግግር ላሟሟው የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ አፈሰስኩበት። የሆነውን ሳልነግርህ ታውቀዋለህ፤ ውሃው ወዲያው ረግቶ መስታወት ሆነ። ማርላ ኳሷን ይዛ እየሮጠች ስትወጣ እስከ ጎተራው በር ድረስ በቂጧ ተንሸራትታ ሄደች። በጀርባዋ ተዘርግታ ሰማይ ሰማዩን እያየች፣

«አያቴ፣ ቅርጫት ኳስ ነው እኮ ያልኩሽ! መቼ ሸርተቴ ሥሪልኝ አልኩሽ?» ብላ በሳቅ ፈነዳች።

ላይል፣ ያ ሳቅ የጆይስ ነው። ኳሱን ልትወረውር ስትልም ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ብቅ ታደርጋለች፤ እሱም የጆይስ ነው። ለምን እንደሄድክ የማላውቅ እንዳይመስልህ። እኔም በመጀመሪያው ሰሞን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ነበር። አሁን ግን ወንበሬን ወደ መስኮቱ ስቤ አያታለሁ። ያማል፤ አይገድልም። ቆይቶ ቆይቶ ደግሞ ደስ ይላል።

እውነቱን ልንገርህ፣ ጆይስ አንተን ስታገባ አልተደሰትኩም ነበር፤ ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከተማው የማያውቀው፣ ቀብሩ ላይ ክንዴን ይዘህ ባታቆመኝ ኖሮ እዚያው እወድቅ እንደነበር ነው። ሁለት ልጅ ባንድ ዓመት ማጣት አልችልም።

ካልመጣህ ሐሙስ እኔ አብሬያት እወጣለሁ። የእሁድ ቀሚሴን ተኩሼ ሰቅያለሁ። እሷም ክንዴን ይዛ ፈገግ ትላለች፤ ጨዋ ልጅ ናት። ነገር ግን በመንገዱ ላይ መኪና ቀስ ሲል በሰማች ቁጥር ኳሷን ደረቷ ላይ ይዛ ትቆማለች። መኪናው አልፎ ሲሄድ ነው የምትወረውረው፤ ያኔ ደግሞ ትስታለች።

ትናንት በዚያች በእናቷ ትንሽ መዛቂያ ስትታገል አይቼ፣ «ትልቁ እያለ ለምን ትለፊያለሽ?» ብላት፣ «እሱ የአባዬ ነው» አለችኝ። ከተውክበት ቦታ አልተነሳም።

መስኮቱን እያንኳኳች ነው፤ ኳሷ በርዳለች ማለት ነው። የሞቀችውን ላውጣላት። መንገዱን ጠርጎ፣ ልብህን አሙቆ፣ በሰላም ለቤትህ ያብቃህ፣ ልጄ።

ቨርዳ

ይህን ረስቼው፦ ጎተራው በር ላይ የሠራሁት ሸርተቴ ገና አልሟሟም። ስትመጣ ቀስ ብለህ እርገጥ፤ ሐሙስ በሁለት እግርህ ቆመህ ነው የምፈልግህ።