ቦራው ከገደሉ አፍ

እንጅባራ፣ ጥር 27 ቀን 2006 ዓ.ም.

ውድ ይሄይስ፣

ስልክህን ዘግተህ ሆቴል ውስጥ ተከትተሃል አሉ። ዳይሬክተር ሆነህ አገርህ ገባህ፣ እሰይ! ግን ይህን ሳታነብ ነገ ዘንገና ሐይቅ ላይ ካሜራ እንዳትተክል።

ያን የአዳሪ ትምህርት ቤት ልብ ወለድ አንዱን ቅጂ ለሁለት ስናነብ ትዝ ይልሃል? ልጁ በርዕሰ መምህሩ ፈረስ ከግቢው ሲያመልጥ፣ ፈረሱም ከገደል ወደ ሐይቁ ሲወድቅ፣ ፊትህን አዙረህ አለቀስክ። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩልህ።

በቴሌቪዥን ሲሠሩት ልጁን በአውቶቡስ ሸኙት። ሁለተኛው ፊልም ደግሞ ፈረሱን በድምፅ ብቻ ገደለው። ከቪዲዮ ቤቱ ስንወጣ «ፈሪዎች! እኔ ብሆን እውነተኛውን ነበር የማሳይ» አልክ። ያን ቀን ወደድኩህ። ዛሬ መጽሐፉን አንተው ልትቀርጽ ስትመጣ ያው ቃልህ ያስፈራኛል።

አባቴ መጽሐፉን አላነበቡም። ፈረስ ስትለምናቸው እንደ ጥር ሃያ ሦስቱ የፈረሰኞች በዓል ግልቢያ መስሏቸው ቃል ሰጡህ። ትናንት ረዳትህ ደጉ ስለ ፈረሳችን «ቦራው ከገደሉ ይነዳል፣ ዘንድሮ ቀልድ የለም» ሲል ሰማሁና እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። አባቴ ቦራውን አጥበው ጌጡን እያለበሱት ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ግንባሩ ላይ ያለችውን ነጭ ዳሰሱ።

«አባዬ፣ አልሰጥም ይበሉ!»

«ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ፣ ልጄ። ሰጥቻለሁ።» ጌጡን አስተካከሉና፣ «እሱስ ከእኔ ሌላ ሰው ጀርባው ላይ አያወጣም። የልጁን ዩኒፎርም ያምጡልኝ፤ እኔው እጋልበዋለሁ» አሉ።

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ለደጉም ነገሩት። ደጉ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከሩቅ ስለምንቀርጽ ሽማግሌነታቸው አይታይም!» ደሜ ፈላ፣ ይሄይስ።

አባቴን ታውቃቸዋለህ፤ ቃላቸውን አያጥፉም። ቃሉን ሊመልስላቸው የሚችለው የተቀበላቸው ሰው ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ካሜራህን ከመጫንህ በፊት ቤታችን ናና «አባባ፣ ቃልዎን መልሼልዎታለሁ» በላቸው። ሌላ ምንም አልለምንህም።

ካልመጣህ ገደሉ አፍ ላይ ቆሜ ታገኘኛለህ። ቦራው እኔን ሲያይ ይቆማል ብዬ አምናለሁ፤ ባይቆምም አልንቀሳቀስም። ያኔ ስታለቅስ እንዳላየሁ ሆኜልሃለሁ። ነገ ግን ዓይኔን ካንተ ላይ አልነቅልም።

የመጽሐፉ እኩሌታ ባለቤት፣
ሰርክአዲስ ዓለምነው