ላማር ክራፒውን ከየት አመጣው?

ኤኒድ ሐይቅ ዳር፣ ሚሲሲፒ
ጁላይ 19 ቀን 1998

ለዓይኔ ብርሃን ለልጄ ለሬኔታ፣

እንደምን ከርመሻል? እዚያ ሚልዋኪ ነፋስ አለ ይባላል፤ ምነው ትንሽ ብትልኪልን። እዚህ ሙቀቱ ቅጠሉን እንደ ትምባሆ ጠቅልሎታል። ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚውሉት። እኔ ደህና ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምጽፍልሽ ከሌላ ሰው ሌላ ወሬ ሰምተሽ እንዳትደነግጪ ነው። ደህና ነኝ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባልሽ ላማር፣ ትተሽው ከሄድሽ ወዲህ ምን ብዬ እንደምጠራው ስለቸገረኝ ባልሽ እላለሁ፣ ከጁን ወር ጀምሮ በረንዳዬ ላይ ዓሣ እያስቀመጠ ይሄዳል። ባልዲ ሙሉ ክራፒ! ከመዳፌ የሚሰፋ፣ ሆዱ ብር የመሰለ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር ጠብ ጠብ ያለበት። መቼም አንቺ እዚሁ ሐይቅ ዳር ያደግሽ ነሽ። በጁላይ ክራፒ የት አለ? በጸደይማ ዳር ዳሩን ቁጥቋጦ ሥር ማንም ይይዘዋል፤ ውሃው ሲሞቅ ግን መሬት ተሰንጥቃ የዋጠችው ይመስል ይጠፋል። ነፍሱን ይማረውና አባትሽ እንኳ በዚህ ወቅት መንጠቆውን ሰቅሎ ቤዝቦሉን በሬዲዮ ነበር የሚያዳምጠው። ታዲያ ጠርሙስ ከአፉ የማይለይ ሰው ከየት አመጣው?

መጀመሪያ ገዝቶት ነው አልኩ። የሚተነፍስበትን ስንጥቡን ገልጬ ባየው ደም የመሰለ ቀይ ነው፣ ገና መውጣቱ። ቀጥዬ ከሰው መረብ ሰርቆ ነው አልኩ። ከንፈሩን አየሁ፤ የመንጠቆ ቀዳዳ አለው። የክራፒ ከንፈር እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሲጎትተው ተቀዶ ያመልጣል። የነዚህ ግን ጥርት ያለች ቀዳዳ ናት። ይሄ ደግሞ ይባስ አሳሰበኝ።

በመጨረሻ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት።

«ላማር፣ ምን ፈልገህ ነው?»

«ምንም፣ እትዬ ኢሞጂን። ዓሣ ነው።»

«ዓሣ መሆኑንማ የማይበት ዓይን አለኝ። ዓሣ ተሸክሞ የሚመላለስ ሰው ግን ነገር አለው።»

«ለአንድ ሰው ይበዛል፤ ከሚበላሽ ብዬ ነው።»

«የት ነው የምታጠምደው?»

ሳቅ አለ። «እሱን እንኳ ቢያስሩኝም አልናገር።»

«እንግዲያው ነገ ይዘኸኝ ትሄዳለህ።»

«በዚህ ሙቀት? ኧረ ይተዉ፣ በዚህ ዕድሜዎ...»

«ዕድሜዬን ለእኔ ተውልኝ!»

ጎህ ሲቀድ ወጣን። ጀልባው ላይ ከመቀመጤ በፊት የበረዶ ሣጥኑን ከፍቼ እስከ ታች በረበርኩት። ውሃና ሐብሐብ ነው። መቀመጫው ሥር አየሁ። ጀሪካኑንም አሸተትኩት፤ ቤንዚን ነው። እሱ የከፈትኩትን ሁሉ በትዕግሥት እየከደነ ይከተለኛል። ንጹሕ ሰው ሲፈተሽ ይቆጣል አይደል እንዴ?

ዳሩን ትቶ ጭልጥ ያለ ባዶ ውሃ መካከል አቆመ። ሊያሰጥመኝ ነው ብዬ የጀልባውን ጠርዝ ጨበጥኩ።

«እዚህ ደግሞ ምን አለ?»

«ከጀልባው ሥር፣ ግድቡ ተሠርቶ ይህ ሐይቅ ሳይሞላ በፊት የነበረው ወንዝ መሄጃ አለ። ዳርና ዳሩ ጉቶ ነው። ዓሣውን ላይ ላዩ ውሃ ያቃጥለዋል፣ ታችኛው ደግሞ ትንፋሽ ያሳጥረዋል፤ ስለዚህ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ክርዎን ከጉቶው ከፍ አድርገው ያቁሙት።»

እንዳለኝ አደረግሁ። ክሩ ከበድ አለኝ፤ ቀስ ብዬ ሳብኩት። ልጄ፣ አባትሽ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለ ክራፒ ይዤ አላውቅም።

«ይሄን ማን አሳየህ?»

«ማንም። ቤት ስውል እጄ ጠርሙስ ይፈልጋል። እዚህ ጠርሙስ የለም። ሌላ የምሠራው ስላጣሁ ዓሣውን ስፈልግ ስፈልግ ውዬ አገኘሁት።»

ሲያወራ ያምርበታል። ወሬማ መች ጠፍቶበት ያውቃል!

ፀሐይዋ ስትበረታ «እንመለስ» አለኝ። እኔ ደግሞ ዓሣ እየበላልኝ ትቼ የምነሣ ሴት አይደለሁም። «ቦታውን እንዳልለይብህ ነው የምታጣድፈኝ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አላስታውስም። ፀሐይ አናቴን መታኝና ላቤ ደረቀ። ላማርን በአባትሽ ስም ጠራሁት መሰለኝ። መልህቁን ልጎትት እንኳ አላለም፤ ገመዱን በቢላዋ ቆረጠው። ሸሚዙን አውልቆ በረዶው ውሃ ውስጥ ነከረና ራሴ ላይ ጣለው፤ በረዶውንም አንገቴና ብብቴ ሥር ወሸቀው። ተሸክሞኝ ወደ መኪናው ሲሮጥ ፊቱ ፊቴ ላይ ነበር። ራሴን ልስት እያልኩም እንኳ ትንፋሹን አሸተትኩት፣ ሆን ብዬ። ሐብሐብ ሐብሐብ ነው የሚለው።

ሆስፒታል የተቀበለችኝ ሐኪም «ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። ሐኪም ማጋነን ይወዳል።

ላማር አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሲውል፣ አሁን አድራሻሽን ይጠይቀኛል ብዬ መልሱን አዘጋጅቼ ጠበቅሁት። አልጠየቀም። «ደህና ናት?» አለኝ፤ «ደህና ናት» አልኩት፤ ራሱን ነቀነቀና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በቃ። የሚፈልገውን የሚናገር ሰው አያስፈራኝም። እንዲህ ምንም የማይጠይቅ ሰው ግን ምን አስቦ ነው? ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽና እስቲ አውጥተሽ አውርደሽ ጻፊልኝ። ያለ ፈቃድሽ አድራሻሽን አልሰጠውም። ተመለሺም አላልኩሽ። እጁን አንሥቶብሽ ባያውቅም፣ እንባሽን ስጠርግ የነበርኩ እኔ ነኝ፤ አልረሳሁትም።

ለነገሩ ትናንት ክራፒውን በበቆሎ ዱቄት ለውሼ ጠበስኩለት፤ ባሚያም ጨመርኩበት። ሲበላ አየሁት። ከስቷል።

አምላክ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ጥላ አያሳጣሽ።

እናትሽ፣
ኢሞጂን

ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሐኪሟ ሙቀቱ እስኪበርድ ድረስ ብቻዬን እንዳላድር አዝዛኛለች። ላማር ታጣፊ አልጋውን አምጥቶ በረንዳው ላይ ዘርግቷል። ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ፤ ከዓይኔ እንዳይርቅ ብዬ ነው።