የአሌክሳንድሪያው ዓሣ አርቢ

ይድረስ ለምወድሽ ለእኅቴ ለእትዬ ፅጌ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ቻለ? ጋሽ ገላውን ስኳሩ እንዴት አድርጎት ይሆን? የአሰላ ብርድ ዘንድሮ በረታ ሲሉ ሰምቼ ሁላችሁንም ሳስብ ነው የከረምኩት። ባለፈው ስንደዋወል ድምፅሽ ጎርንኖብኛል። ጉንፋን ነው ብለሽኛል፤ እኔ ግን አላመንኩሽም። ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ከሆነ እውነቱን ጻፊልኝ። እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ፤ ደም ግፊቴም በመድኃኒቱ ረግቷል። ይህን ጉዳይ በስልክ ያልነገርኩሽ የአፓርታማችን ግድግዳ ስስ፣ የዕድላዊትም ጆሮ ቀጭን ስለሆነ ነው።

ልጄ ዕድላዊት ባለፈው ክረምት አንድ ሰው እንደወደደች ነገረችኝ። ስሙ ብሩህ ነው፤ እዚሁ ከእኛ ወንዙን ተሻግሮ ባለችው አሌክሳንድሪያ ይኖራል። ቀን ክሪስታል ሲቲ ቢሮ ይሠራል፤ ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ቤዝመንት በሚሉት፣ ከቤቱ ሥር ባለው ክፍል ውስጥ ዓሣ ያረባል አለችኝ። የሚበላ ዓሣ እንዳይመስልሽ። ዲስከስ የሚሉት፣ እንደ ስኒ ማስቀመጫ ክብ የሆነ፣ ለዓይን ብቻ የሚገዛ ዓሣ ነው። ልቤ ግን አልተቀበለውም። የአክስታችን ልጅ ንዋይ፣ ታክሲ የሚነዳው፣ ኢንተርኔት ላይ የዓሣውን ማስታወቂያ ፈልጎ ቤቱን አገኘልኝና በዚያ በኩል ሲያልፍ አየው። የቤዝመንቱ መስኮት በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል፤ በጨርቁ ጠርዝ ሐምራዊ መብራት ይታያል፤ መስታወቱ ያልበዋል። «በዚህ አገር እንዲህ ሸፍነው የሚያሳድጉት ዓሣ አይደለም፣ ዕፅ ነው» አለኝ። እናታችን «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም ይገኛል ስንጥር» ትል አልነበር?

ዕድላዊት ገና አላስተዋወቀችንም ነበርና «ርብቃ እባላለሁ፣ ዓሣ ገዢ ነኝ» ብዬ በሐሰት ስም ደወልኩለት። ንዋይ አደረሰኝ። ቤዝመንቱ ልክ እንደ ሻወር ቤት ይሞቃል። ዕፁን ፍለጋ ዓይኔን ከጥግ እስከ ጥግ አዞርኩ፤ ያለው ግን ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረ የመስታወት ገንዳ ብቻ ነው። ሐምራዊው መብራትም ውሃ ውስጥ ላለው ቅጠል ኖሯል። ብሩህ ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ እጅጌው እስከ ክንዱ የረጠበ ሰው ነው። ጥቂት ዓሣ ስጠኝ አልኩት። «ገንዳዎ ውሃ ከያዘ ስንት ጊዜው ነው?» አለኝ። ከርሟል አልኩት። ሙቀቱን ሲጠይቀኝ ለብ ያለ ነው አልኩት። መልሴ አላሳመነውም መሰል «ማዘር፣ ዛሬ አልሸጥልዎትም። አዲስ ውሃ ውስጥ ከገቡ ይሞቱብዎታል» አለኝ። መኪና ውስጥ እንደገባሁ ለንዋይ፣ ገዢ የሚመልስ ነጋዴ ሌላ ገቢ ቢኖረው ነው አልኩት።

እልህ ያዘኝ። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ትልቅ ገንዳ ገዝቼ ሳሎን አስገባሁ። ለዕድላዊት ሐኪሙ ለደም ግፊቴ ያዘዘልኝ ነው አልኳት። «ሪሊ፣ ማሚ?» ብላ ትክ ብላ አየችኝ። ልቤ ለብሩህ እየለዘበ መስሏት ይሆናል፣ ብዙም አልመረመረችኝ። የቧንቧውን ክሎሪን የሚያጠፋውን ጠብታ ጨመርኩ፣ ማሞቂያውን ሰካሁ፣ ማጣሪያውን አስነሣሁ። ከዚያ በኋላ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጣሉ ባዶ ውሃ ማየት ብቻ ነው። ብሩህ በስልክ እንዳስረዳኝ፣ የዓሣውን ቆሻሻ የሚበሉት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ማጣሪያው ውስጥ እስኪፈጠሩ ድረስ ውሃው መርዝ ነው። ጠጅ ጥዬ እንኳ እንዲህ አልጠበቅሁም። በየቅዳሜው ውሃውን በጠርሙስ ይዤ አሌክሳንድሪያ እሄዳለሁ። እሱ የመመርመሪያ ጠብታ ጨምሮበት ቀለሙን ያይና «ገና ነው» ይለኛል። እኔ በበኩሌ ሌላ ሴት ትመጣ እንደሆን፣ የመጠጥ ጠርሙስ ይኖር እንደሆን አማትራለሁ። ምንም አላገኘሁም። ምንም ማጣቴ ይበልጥ አስጠረጠረኝ።

ውሃው የደረሰ ዕለት ሆን ብዬ ለብቻው የተቀመጠ፣ ጠቁሮ ጥግ የተወሸቀ ዓሣ አሳየሁትና ይህን ስጠኝ አልኩት። «እሱስ ታሟል፤ ልሽጥልዎት ብል እንኳ እንቢ ይበሉኝ» አለኝ። ዓይኑ የጠራ፣ ግንባሩ ያልሰረጎደ፣ እጅ ሲያይ የሚቀርበውን እንድመርጥ ነገረኝ፤ ዓይኔ እያየ መግቦ አሳየኝ። አምስት ይዤ ተመለስኩ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ያምራሉ።

ብዙ ሳይቆይ ደወለ። የእኔዎቹ ከወጡበት ገንዳ አንዱ መብላት ማቆሙን፣ ነጭ ክር የመሰለ ነገር እየጣለ መሆኑን ነግሮኝ፣ መድኃኒት ይዤ ልምጣና የእርስዎንም ልያቸው አለኝ። ቤቴን ሊሰልል ነው አልኩ። ቢሆንም እንቢ አላልኩትም፤ የዕድላዊትን ፎቶዎች ከግድግዳ አውርጄ አልጋ ሥር ደበቅሁ። መጣ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ ገንዳው ፊት ተንበረከከ፣ አንድ በአንድ አያቸው። አንደኛዋ እውነትም ጠቁራለች፤ እኔ ልብ አላልኩም ነበር። እጁን ከተተና በመረብ ሲያወጣት በሩ ተከፈተ። ዕድላዊት ኮሌጅ ፓርክ ካለው ሥራዋ ቀድማ ወጥታ ኖሯል።

እትዬ፣ ልጄ ደነገጠች፤ እሱ ግን አልደነገጠም። ይህን ልብ አልኩ። ለምን አልደነገጥክም ብዬ ጠየቅሁት። «ከመጀመሪያው ቀን ዐውቄዎታለሁ፤ ፎቶዎ ስልኳ ላይ አለ» አለኝ። «በሌላ ስም ከመጡ ምክንያት አለዎት ብዬ ላሳፍርዎት አልፈለግሁም።» ከዚያ የታመመችውን በባልዲ ለይቶ፣ መድኃኒቱን መትሮ፣ የቀሩትን እንዴት እንደምጠብቅ አስረድቶኝ ወጣ። ዕድላዊት በእኔም ተቆጣች፣ ለሷ ባለመንገሩ በእሱም ተቆጣች። ፎቶዎቿን ከአልጋ ሥር አውጥታ ወደ ክፍሏ ወሰደቻቸው። ዓሣይቱም ሞተች።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ዐውቆኝ ከነበረ ያ ሁሉ ደግነት ለደንበኛ ነበር ወይስ ለአማት? የታመመውን አልሸጥም ያለው፣ ሳልጠይቀው የደወለልኝ፣ እኔ ማን እንደሆንኩ ባያውቅስ ያደርገው ነበር? እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መድኃኒቱን ሲመትር፣ ፎልስ ቸርች በሚባለው ከተማ ምግብ ቤት ያለው አንድ ቬትናማዊ ከዚያው ገንዳ ዓሣ መውሰዱን በጨዋታ አንሥቶልኝ ነበር። ንዋይን ይዤ ሄድኩ። ሰውየው ሽማግሌ ነው፤ ብሩህን ከዓሣው ሌላ በምንም አያውቀው፤ የሚድራት ልጅም የለችው። ብሩህ ስለ ሕመሙ ደውሎልህ ነበር ወይ ብዬ በንዋይ አስጠየቅሁት። ለእሱ የደወለው ከእኔ ቀድሞ ነው። መድኃኒቱንም መጀመሪያ ለእሱ አድርሶ ነው ወደኔ የመጣው።

ሰው ከሌላ ኋላ በመሆኑ ሲደሰት አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ በመኪናው ውስጥ አለቀስኩ። ቤት ስደርስ ለዕድላዊት፣ ሽማግሌ ይላክ አልኳት። ከላፕቶፑ ቀና ብላ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅ ብላ «አሁን ደግሞ ማንን ሰለልሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

ታላቃችን አንቺ ነሽና ያለ ቃልሽ እሺ አልላቸውም። ምን ትያለሽ? ጋሽ ገላውን ጉልበቱን ስሚልኝ፤ ጣፋጭ እንዳይቀምስ ዓይንሽ ይከተለው። ሂዊን ትምህርቷን እንድትበረታ ንገሪልኝ። ለኪራኮስ፣ ለሚስቱና ለአዲሱ ሕፃን ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ጎረቤትሽን ልሳነወርቅንም አልረሳችሽም በይልኝ። የአንቺን የሐኪም ወረቀት ግን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ በወሬ አላምንም።

የምትወድሽ እኅትሽ፣
የወይንሐረግ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ታኅሣሥ ፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.