የሽማግሌዎቹ ዱላ

ለውድ ባለቤቴ፣ ለአፍናን አባት። አሰላሙ ዓለይኩም፣ አካም ጂርታ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የከሚሴ አቧራም እንዳለ ነው።

አፍናን ዘጠነኛ ክፍል ገብታ ኳስ ተጫዋች ሆናልሃለች። አሰልጣኝ ልደት አራት ሴቶች ብቻ ለይታ፣ ለእያንዳንዳቸው ኳስ ሰጥታ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ታሠለጥናቸዋለች። ጎረቤት ምላሱን ቢያሾልም የማደርሳት እኔው ራሴ ነኝ።

ቅዳሜ ለት ሼህ ሙሀመድኑር ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ከሰንበቴ ከተማ መጡ፤ አፍናንን ለወንድማቸው ልጅ ሊጠይቁ። እንደ ደንቡ "እሺ ሳትይን አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። "ከቆማችሁስ ልጅቱ ያለችው ሜዳ ነው፣ እዚያ ቁሙ" ብዬ ወሰድኳቸው።

ስንደርስ ልጆቹ በመሀላቸው ኳስ እንዲነዱ ልደት የምትደረድራቸውን ፕላስቲኮች ባጃጅ ደፍጥጦባት ተቸግራለች። የሽማግሌዎቹን ዱላ ለምኜ ተቀበልኩና መሬት ላይ ተከልኩላት። አፍናን ኳሷን እየነዳች በዱላዎቹ መሀል ተጥመልምላ ሄደች፣ ተመለሰች፤ አንዱንም አልነካች። ሼህ ሙሀመድኑር ጢማቸውን ይዘው "ያ ረቢ፣ ይችን ማን ሮጦ ይይዛታል?" አሉ።

"ማንም" አልኳቸው።

ሲሄዱ ግን "ከአባቷ ጋር እንኳ በስልክ ተነጋግረናል" አሉኝ። እኔ ስደውል አይነሳም፤ ኔትወርኩ ለሰንበቴ ሰዎች ብቻ ነው መሰል የሚሠራው። ስለዚህ ይህን በሹፌሩ በኢርፋን እጅ ላክሁልህ።

ለሥራ ባልደረቦችህ ሰላምታዬ ይድረስ፤ አላህ በደህና ያገናኘን። ስትመጣ ለልጅህ ወርቅ እንዳትገዛ። ሠላሳ ሰባት ቁጥር ታኬታ ይዘህላት ና።

መሊካ