እንደ ውሃ ያነበብኩት ደብዳቤ

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፣

ጤናሽ እንዴት ከርሟል? ወገብሽስ? እጅሽስ? ይህን የምጠይቅሽ ከልቤ ነው፤ ቀልዱ ከታች ይመጣል። እኔ ደህና ነኝ፣ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር። እማዬም ደህና ናት። ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ስትወጣ ያማርራታል፣ እሷም መልሳ ትሰድበዋለች።

ብዙኃን መገናኛ የሚባለውን ትምህርት የመረጥኩት ቴሌቪዥን እያዩ ማርክ የሚታፈስበት መስሎኝ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ቴሌቪዥን የለም። ያለው አንድ መምህር፣ አንድ ሰሌዳና "ምንጭህ ማነው?" የሚል ጥያቄ ነው። አንድ ቀን "ዛሬ ይዘንባል" ስለው ምንጬን ጠየቀኝ። "ደመናው" አልኩት። ከክፍል አስወጣኝ፤ ውጭ ዝናቡ ደበደበኝ።

እሺ፣ ወደ ነገሩ ልግባ። በጽሑፌ እንዳትስቂ፤ ዱሮም አያምርም።

ባለፈው ሳምንት መምህሩ በቡድን የሚሠራ የቤት ሥራ ሰጠን። በሰፈር የሚወራ አንድ ወሬ ይዛችሁ፣ ማን ለማን እንደነገረ እየጠየቃችሁ፣ እስከ መጀመሪያው አፍ ድረስ ድረሱበት አለ። ወሬውንም ራሱ መረጠልን። የትኛውን መሰለሽ? "የትምህርት ቤታችን የቀድሞ ተማሪ ሬዲዮ ላይ ዜና አንባቢ ሆነች" የሚለውን። አንቺን ማለት ነው።

ይቅር በይኝ፣ እታለም። እማዬ ፊደል ስለማትለይ የላክሽላትን ደብዳቤ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። አንቺ ከኮሌጅ እንደተባረርሽ፣ አሁን ሬዲዮ ጣቢያ ያለበትን ሕንፃ ወለል እንደምትወለውዪ ጽፈሻል። እኔ ሬዲዮውን አነበብኩ፣ ወለሉን ዘለልኩት፣ በቦታው "ዜና አነባለሁ" የሚል ጨመርኩ። "ቤት የምመጣበት ፊት የለኝም" ያልሽውን ደግሞ "ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልመጣሁት" አደረግኩት። መምህራችን እንዲህ ያለውን አርትዖት ይለዋል። ያን ቀን ስሙን አላውቅም ነበር፤ የእማዬን ፊት ብቻ ነበር የማየው።

እማዬ ለልብስ ሰፊዋ ነገረች። ልብስ ሰፊዋን ታውቂያታለሽ፣ ከመርፌዋ ምላሷ ይፈጥናል። ወሬው ከሷ ወደ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከሱ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄደ። ርዕሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ "እንደ እሷ ሁኑ" ብሎ አስጨበጨበልሽ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ?

የቡድናችን ጸሐፊ ከጥያቄዋ ብዛት "ፍርድ ቤት" ያልናት ልጅ ናት። እኔም የዚያው ቡድን አባል ነኝ፤ ራሴን በራሴ እያሳደድኩ ነው። ልብስ ሰፊዋ ጋ ስንደርስ "እዚህ ላይ ብናቆምስ? ደክሞኛል" አልኳት። "ምን ያደክምሃል፣ ቀጥሎ እኮ እናንተ ቤት ነው" አለችኝ።

ትናንት ከሰዓት ልጅቷ እኛ ቤት መጣች። እማዬ "የጻፈችልኝ ራሷ ልጄ ናት" አለቻት። "ደብዳቤውን ማየት ይቻላል፣ እማማ?" ስትላት እማዬ ከትራሷ ሥር አወጣችው። እኔ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ የጫማዬን ክር እፈታለሁ፣ እቋጥራለሁ። እማዬ ወረቀቱን አገላብጣ አየችውና መልሳ አጠፈችው። "የልጄ ጉዳይ ነው። ስትመጣ ራሷን ትጠይቂያታለሽ" አለች። ፍርድ ቤት ደብተሯን ዘግታ ተነሳችና በሩ ላይ ስትደርስ "ለመሆኑ ማን አነበበልዎት?" አለቻት። እማዬ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። ልጅቷ ደብተሯን እንደገና ከፈተችው።

ከሄደች በኋላ እማዬ ደብዳቤውን ወደ ትራሷ ሥር መለሰችው። ከዚያ "አንተ ስታነብ ትደናቀፋለህ። የመድኃኒቴን ወረቀት እንኳ ሦስቴ ሳትወድቅ አትጨርሰውም" አለችኝ። እውነት ነው አልኳት። "የእህትህን ደብዳቤ ግን እንደ ውሃ ነው ያነበብከው" አለችኝ። እኔ የጫማዬን ክር እንደገና ፈታሁ።

አርብ የቤት ሥራችን ሰሌዳው ላይ ቀስት እየተሳለ ይቀርባል፤ የመጨረሻው ቀስት እኔ ላይ ያርፋል። ተነስቼ "ዜናውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ" እላለሁ፤ ዜሮውንም ይስጠኝ፣ አዲስ አይደለም። ስለ ወለሉ ግን ከአፌ አይወጣም። እሱ ያንቺ ነው፤ ብትፈልጊ አንቺ ተናገሪው።

ዛሬ ጠዋት እማዬ "አልጋዋ ላይ የከመርከውን ኮተት አንሳ" አለችኝ። የብስክሌቴን ጎማ ሳይቀር አወረድኩት። "ማን ሊመጣ ነው?" ብላት "ዜና አዋቂው አንተ አይደለህ እንዴ" አለችኝና አንሶላሽን ማራገፍ ጀመረች።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የአውቶቡሱ ሹፌር ነው። ወደዚህ የሚመለሰው ሐሙስ ጠዋት ነው። በመስኮቱ በኩል አንድ ወንበር ያዝልኝ ብዬዋለሁ። ለማን ነው ሲለኝ፣ ምንጬን አልገልጽም አልኩት።

እግርሽን እንቅፋት አይንካው፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የምትረግጪው ሁሉ፣ ባትወለውዪውም፣ ያብራልሽ።

ወሬኛው ታናሽ ወንድምሽ